የውርንጭላው የዓይን መድኃኒት

ልጅ ፊት ወሬ አታውሩ ስል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። «ደግሞ ጀመራት» ይባባላሉ። ይሳቁ። እኔ በሰባት ዓመቴ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አፌን ከፍቼ ቤተሰቤን መንገድ ላይ ላስጥለው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያውም ለበጎ ብዬ።

አባቴ ባልደራስ ነበር። ሃያ ሁለት ፈረሶች በእሱ እጅ ነበሩ። ያበላል፣ ያጠጣል፣ ኮቴ ይጠርጋል፣ ባዝራዎቹን ያዋልዳል። የምንኖረው ከጋጣው ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ከራስጌዬ ማዶ አንዲት ያረጀች ባዝራ ትቆም ነበርና ጎኗን ስትታከክ አልጋዬ ይነቃነቃል። ያ ግድግዳ ተንዶብኝ ቢሆንስ ኖሮ? ማንም አላሰበበትም፤ ያኔ ልጅ የሚያድገው እንዲሁ ነበር።

ቤቱ የሥራው ቤት ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከአባቴ በፊት የነበረው ባልደራስ ታሪክ ግን በሆነ ባልሆነው ይነሳ ነበር። ሰውዬው አንዲት ባዝራ ከማይሆን ድንጉላ ጋር ስትገናኝ ሳያይ ቀረ። ከምሳ በፊት ተሰናበተ፤ ከምሳ በኋላ አልጋው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። እናቴ ታሪኩን ስትጨርስ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከነፍራሹ» ትላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ፍራሹ ነበር። ፍራሽ ለሰው ሁሉ ሲታይ ታየኝ።

ፈረሶቹ የእሜቴ ናቸው። እሜቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢውን ብቻቸውን የያዙ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ነበሩ። ፈረሶቻቸው በሙሉ አንድ ዘር፣ በሙሉ ዳማ ነበሩ፤ በደንብ የተወለወለ የቆዳ ጫማ የሚያወጣው ዓይነት ቀይ ቡናማ። ግንባር ላይ ነጭ ቦቃ ይፈቀዳል። እግር ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ይፈቀዳል። ከዚያ ወዲያ ነጭ የሚባል ነገር ከዘሩ መዝገብ ያስወጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሜቴ «አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ግቢ ዳማ ያልሆነ ፈረስ ወጥቶ አያውቅም» ይሉ ነበር። የራሳቸው ፀጉርም ዳማ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት፣ ፀጉራቸው ዳማ። ሰው ሲደነቅ «እንግዲህ ዘር ነው» ይላሉ።

እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ የእሜቴን ፀጉር ትሠራለች። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። አንድ ሐሙስ ግን ከልብስ ቅርጫቱ ኋላ ተደብቄ አገኘችኝ። ያየሁትን አይቼ ነበር፤ የእሜቴ ፀጉር ከመሀል ሲከፈል ሥሩ ጣት በሚያህል ስፋት ነጭ ነው። እናቴ ጎትታ አወጣችኝ።

«እማዬ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ሕመም ነው። ራሳቸውን ያማቸዋል።»

«ያ የምትቀቢያቸውስ?»

«መድኃኒቱ ነዋ! ደግሞ ለማንም ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን በመቀስ ነው የምቆርጠው።»

መቀሱንም አውቀዋለሁ፤ የጋማ መከርከሚያው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭነት በሽታ መሆኑን አወቅሁ። ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ አልሄድኩም። በየጠዋቱ የዳቦ ቤቱ ጋሪ ወደ ግቢያችን ይመጣል። ነጂውን ፉጨት እንለዋለን፤ ከንፈሩ አያርፍም። ፈረሱ ዱቄት ይባላል። ዱቄት ከአፍንጫውና ከዓይኑ በቀር ያልነጣ ቦታ አልነበረውም። በሽታው እንደጨረሰው ገባኝ። ፉጨት መድኃኒት መግዣ አጥቶ ይሆናል ብዬ አዘንኩለት። ከዱቄት አጠገብ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አባቴን ደግሞ ሲተኛ መረመርኩት፤ ጆሮው አጠገብ አራት ነጭ ፀጉር አገኘሁ። ለማን ይነገራል? ምላሴን አስቤ ዝም አልኩ።

ከባዝራዎቹ አንዷ ውርንጭላ ስትወልድ ጋጣው በሰው ሞላ። ዳማ ነበር፤ እንደ እናቱ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። አባቱ ተብሎ የተጻፈው የግቢው ድንጉላ ነው፤ በኩራቱ ምክንያት ሹሙ እንለዋለን። እሜቴ መጥተው ውርንጭላውን አዩና «ቁርጥ ሹሙን!» አሉ። ሁሉም «ቁርጥ ሹሙን!» አለ። ዝም ያለው አባቴ ብቻ ነው። ሰው ሲወጣ ተንበርክኮ የውርንጭላውን ዓይን ዙሪያ በጣቱ ገለጥ ገለጥ እያደረገ አየ።

«ምን ትፈልግበታለህ?» አለችው እናቴ። «ዳማ ነው እኮ።»

«ዛሬ ዳማ ነው» አለ አባቴ።

እኔም ወደድኩት። ስም እንዳወጣለት ግን አልተፈቀደልኝም፤ ስም የሚሰጠው መዝገብ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ «ልጁ» እያልኩ እጠራው ነበር። ከጭኑ ሥር እየተሹለከለክሁ እጫወታለሁ። የማንም ልጅ ዛሬ እንዲህ ሲያደርግ ባይ እጮሃለሁ።

አራት ወር ሲሞላው የውርንጭላነት ፀጉሩን መጣል ጀመረ። አንድ ቀን አባቴ ማለዳ ተነስቶ ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ። በጋጣው ውስጥ ፀሐይ በሳንቃው ቀዳዳ እየገባች ድርቆሹን ታበራለች። አባቴ የልጁን ጭንቅላት በብብቱ ይዞ፣ በወረንጦ ከዓይኑ ዙሪያ አንድ አንድ ፀጉር ይነቅላል። የነቀለውን መሀረብ ላይ ያስቀምጣል። መሀረቡ ላይ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ልጁ ከነጭ ሽቦ የተሠራ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ከዚያ አባቴ ከትንሽ ጣሳ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ጥቁር ቡናማ ነገር እያወጣ በዙሪያው ቀባ። ሽታውን አወቅሁት። የእሜቴ ሐሙስ ሽታ ነው።

«አባዬ፣ ምን ሆነ?»

ዘሎ ዞረ። እኔ መሆኔን ሲያይ ትከሻው ወረደ። «ዓይኑን አሞት ነው።»

«ይድናል?»

«እናያለን እንግዲህ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ያን ጊዜ ያልገባኝን አሁን ልናገር። የልጅ ልጄ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ በእርሳስ እየሣለች አስረዳችኝ። ዳማ ከዳማ ጋር ቢዋለድ የሚወለደው ዳማ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሌላ የሚያወርሱት የላቸውም። ግራጫ ግን ሌላ ነገር ነው። ግራጫ የሚሆን ፈረስ ሲወለድ ዳማም ጥቁርም ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ ዓመት በዓመት እየነጣ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ዱቄት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከዓይኑ ዙሪያ ነው። ከእናቱና ከአባቱ አንዱ ግራጫ ካልሆነ ደግሞ በምንም ተአምር አይነጣም። «እርግጠኛ ነሽ?» ብላት «መቶ በመቶ፣ አያቴ» አለችኝ። አባቴ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። እሱም መቶ በመቶ ያውቅ ነበር።

እንዴት እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ። ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ጠዋት ትኩሳት ጣለኝ፣ ዓይኔም ተገለበጠ። አባቴ አቅፎኝ ወደ ሐኪም ሮጠ። የልጁ እናት ባዝራዋ ድንጉላ የምትፈልግበት ሰሞን ነበርና በማሰማሪያው ውስጥ ለብቻዋ ነበረች። አባቴ በሩን አልቀረቀረውም። ፉጨት ዳቦውን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ፣ ፈረሱን ከጋሪው ፈትቶ ውሃ እንዲጠጣ ገንዳው አጠገብ ተወው። ዱቄት ደግሞ ያልተኮላሸ ፈረስ ነበር። አባቴ ሲመለስ ባዝራዋ ሣር ትግጣለች፣ ፉጨትም ፉጨቱን አቁሟል። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። በማግስቱ አባቴ ባዝራዋን ወደ ሹሙ ወሰዳትና፣ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ተስፋ አደረገ።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ። እኔ የማውቀው ልጁ ከዱቄት በሽታ እንደያዘው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አባቴና እናቴ ማለዳ ማለዳ በሹክሹክታ ያወራሉ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«እየጨመረ ነው» ይላል አባቴ።

«ስንት ቀን ቀረው?»

«ዘጠኝ።»

«እስከዚያ ይቆያል?»

«ለዘጠኝ ቀን እንኳ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

«ቀለሙ እያለቀ ነው። ከእሳቸው ድርሻ ብቀንስ ያውቁብኛል።»

ልጁ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው ማለት ነው። ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። በየቀኑ ጠዋት ከጋጣው ሳንቃ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ስምንተኛው መስመር ላይ ስደርስ እናቴ ግቢውን ስትጠርግ «ነገ ሰውዬው ይመጣል» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«ውርንጭሎቹን የሚያየው ነዋ።»

ሐኪም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለሐኪም ደግሞ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ያ ትኩሳት ይዞኝ ሐኪም ጋ ስሄድ አባቴ በመንገድ ላይ ሁሉ «ለሐኪም ምንም አይደበቅም፣ የሚያምሽን ሁሉ ንገሪው» ሲለኝ ነበር የሄደው።

የመጣው የዘሩ መዝጋቢ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘ ሰው። ቦርሳውን ሳይ ጥርጣሬዬ ሁሉ ጠፋ። እሜቴ ከበረንዳው ሥር ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አባቴ ልጁን በገመድ ይዞ አቆመው። ጎህ ሳይቀድ ሁለት ጊዜ ቀብቶት ነበር፤ የልጁ ዓይን እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። መዝጋቢው የልጁን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ ቁመቱን ለካ፣ ኮቴውን አነሳ። ከዚያ የፈረስ ሥዕል የታተመበት ወረቀት አወጣና በቀይ እርሳስ ሥዕሉ ግንባር ላይ ቦቃውን ሣለ። የሚያመውን ቦታ ምልክት ማድረጉ ነው ብዬ አሰብኩ። ቦታውን ግን ስቷል።

«እናት?»

«ያቻት፣ ከወዲያ የቆመችው» አለ አባቴ።

«አባት?»

«ሹሙ ነዋ!» አሉ እሜቴ። «አይታይም እንዴ?»

«ቀለም?»

«ዳማ። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ግቢ...»

«አውቃለሁ፣ እሜቴ» አለ መዝጋቢው፤ በየዓመቱ ይሰማዋል። ማኅተሙን ከቦርሳው አውጥቶ እስትንፋሱን እፍ አለበት።

ዓይኑን ሳያይ ሊሄድ ነው። ከድርቆሹ ክምር ላይ ወርጄ ከፊቱ ቆምኩ።

«ዓይኑን አላዩለትም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ዓይኑን። የሚያመው እሱ ነው።»

«አንቺ፣ ቤት ግቢ» አለ አባቴ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ ቀስ ያለ ስለነበር አልፈራሁትም።

«ተዋት፣ ተዋት» አለ መዝጋቢው፣ ጎንበስ ብሎ። «ምን ሆኖ ነው የሚያመው፣ እሙዬ?»

ሐኪም እሙዬ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ምላሴም መቀሱም ጠፉብኝ።

«ነጭ ነገር ይወጣበታል። አባዬ በየማለዳው ይነቅልለትና መድኃኒት ይቀባዋል። ከዱቄት ነው የያዘው።»

«ዱቄት ማን ነው?»

«የዳቦ ቤቱ ፈረስ። እሱንስ ጨርሶታል፣ አይድንም። አባዬንም ጆሮው ጋ ጀምሮታል፣ እባክዎ እሱንም ይዩልኝ። እሜቴ ግን ሲወጣባቸው ቶሎ ስለሚቀቡ ምንም አይሉም።»

ከሩቅ አንድ ፈረስ ብቻ በአፍንጫው ተነፈሰ።

መዝጋቢው ቀና አለ። አውራ ጣቱን በምላሱ ነካ አደረገና በልጁ ዓይን ዙሪያ አሸት አደረገ። ጣቱ ዳማ ሆነ። ጣቱን አየ። ከዚያ የእሜቴን ፀጉር አየ። ለማየት ፈልጎ አይመስለኝም፤ ዓይን ነውና ሄደ። ወዲያው መለሰውና ጣቱን በመሀረብ ጠረገ። ማኅተሙን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ውርንጭላውን አልመዘግበውም፣ እሜቴ» አለ። «ሌላ ግን ያየሁት ነገር የለም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሜቴ» አለ አባቴ። «የማሰማሪያውን በር ሳልቀረቅር የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ለምን እንደሄደ አልተናገረም። ልጅ ታሞብኝ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

እሜቴ ተነሱ። ፊታቸው ከፀጉራቸው ይልቅ ቀላ።

«አርባ ዓመት!» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ! አንተ ሰውዬ፣ በል አሁኑኑ ዕቃህን...»

በዚህ መሀል እናቴ ለእንግዳው ውሃ በትሪ ይዛ ከበሩ ወጣች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም። ዓይኗን ከብርጭቆው ላይ አላነሳችም።

«እሜቴ» አለች። «ነገ ሐሙስ ነው።»

የእሜቴ እጅ ወደ ፀጉራቸው ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ተመለሰ። እናቴን አዩ፤ እናቴ ውሃውን ታያለች። አባቴ ከሄደ እሷም ትሄዳለች፤ እሷ ከሄደች ደግሞ ሐሙስ የት እንደሚያድርና ለማን እንደሚወራ አይታወቅም። ይህን ሁሉ እሜቴ ሲያስቡ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ብልህ ሴት ነበሩ።

«ዕቃህን» አሉ ቀጥለው፣ «መዶሻና ሚስማርህን አምጣና ያን በር ጠግን። ይኼ ውርንጭላ ዛሬውኑ ዳቦ ቤት ይሂድ። ልጅቷም የምትለውን አታውቅም።»

«አታውቅም፣ እሜቴ» አለች እናቴ።

እኔ ደግሞ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛው ከበሽተኛ ጋር ይቆይ ብሎ አዟል።

ልጁን ወደ ዳቦ ቤት የወሰደው አባቴ ራሱ ነው። አብሬው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ገመዱን አልጎተተውም፣ ልጁ ሣር ባየ ቁጥር ቆመለት። ስንመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ማን ንገሪ አለሽ?»

«አንተ ነህ። ለሐኪም ምንም አይደበቅም ብለኸኛል።»

ፊቴን ለቀቀው። «ብያለሁ» አለ። «ከእንግዲህ በሽተኛ ስታዪ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ።»

ምላሴም አልተቆረጠም። እናቴ ግን በማግስቱ ፀጉሬን ስትሠራኝ ቆዳዬ እስኪላጥ አጥብቃ ጎነጎነችኝ። በዚያች ሐሙስ የእሜቴ በር እንደወትሮው ተዘጋ፣ መጋረጃውም ወረደ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ታምማም ቢሆን አንድ ሐሙስ አልቀረችም። ቀርታ ቢሆን ኖሮ የት እንደምናድር አሁን ነው የገባኝ።

የልጁ በሽታ ግን አልቆመም። መጀመሪያ ከዱቄት ጎን በባዶው እየተከተለ መጣ፣ ከዚያ ተኮላሽቶ ጋሪ ገባ። በየጠዋቱ በራችን ላይ አየዋለሁ። ዓይኑ፣ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ክብ ክብ ግራጫ ወጣበት። በየምሽቱ ከመተኛቴ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልይለታለሁ፤ መጀመሪያ ለልጁ፣ ቀጥሎ በአባቴ ጆሮ አጠገብ ላለው ነጭ። አባቴ ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ ኮርቻ እየሰፋ ይሰማኛል። አንድም ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ከአባቴ ጋር ቆመን ልጁ መጣ። አንገቱ ጭምር ነጥቷል። አልቻልኩም።

«አባዬ» አልኩ፣ «ልጁ ዘንድሮ አይተርፍም።»

አባቴ ልጁን አየ፤ ከራስ እስከ እግር፣ እንደ ባልደራስ።

«አላመመውም» አለ። «አሞትም አያውቅም። አባቱን መስሎ ነው።»

ገባኝ። ቀስ እያለ ሁሉም ገባኝ፤ መሀረቡም፣ ጣሳውም፣ የመዝጋቢው ጣትም። ፊቴ ተቃጠለ። መናደድ ስለሚቀለኝ ተናደድኩ።

«እና አምስት ዓመት ሙሉ ስጸልይለት እየሰማህ ለምን ዝም አልከኝ?»

ጋሪው ዳቦውን እንደተሸከመ ዳገቱን ጀምሯል። ልጁ አንገቱን ዘርግቶ ይጎትታል፣ ፉጨት ከኋላ ይገፋል። አባቴ የዳገቱ አናት ላይ እስኪደርሱ ድረስ ዓይኑን ከነሱ ላይ አላነሳም።

«ጸሎቱ ምን ጎዳው» አለ። «ጋሪው ከባድ ነው።»